ኩፔ ለምዕራብ ጎጃም መንገድ ትሆናለች?

ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ ቁመት፣ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጣሪያ። ኩፔ የምትባለው የመኪና ዓይነት ይህች ናት። ፎቶዋን ያየ ወጣት ልቡ መሸፈቱ አይገርምም። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ተቀምጦ ለዕለት ተዕለት መንጃ ሊገዛት ያሰበ ሰው ግን ስለ ፍጥነቷ ከመጠየቁ በፊት ሆዷ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ይጠይቅ።

በዓለም ገበያ ዋጋቸው ይቀመሳል ከሚባሉት ስፖርት ኩፔዎች አንዷን፣ ቶዮታ 86ን፣ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሱባሩ ቢአርዜድ ጋር መንትያ ሆና ወጣች። ሞተሯ ባለ 2 ሺህ ሲሲ፣ ጉልበቷ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ 1,250 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። ከመሬት እስከ ሆዷ ያለው ክፍተት 13 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ስንዝር አይሞላም።

በዋናው መንገድ ላይ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ከአዲስ አበባ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፎ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እያቋረጠ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት ነው፤ ጉድጓዱንና በየከተማው መግቢያ የተቆለለውን ፍጥነት መግቻ ተጠንቅቆ ማለፍ ይቻላል። ችግሩ የጎጃም ሰው ኑሮ አስፋልት ላይ አለማለቁ ነው። ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ የእናት አባት ቤቱ፣ የሚገዛው በቆሎና በርበሬ ያለው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ደጋ ዳሞት፣ ቋሪት፣ ሰከላ ወይም ወምበርማ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው። እዚያ ኮረኮንች ይጠብቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጭቃ።

እህል የሚያመላልሱ አይሱዙዎች ጭቃውን በጎማቸው እየቆረጡ ሁለት ቦይ ያወጣሉ፤ መሃሉ ላይ ጉብታ ይቀራል። ጭቃው ሲደርቅ ጉብታው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ዝቅ ያለች መኪና ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ሲገባ በሆዷ ጉብታው ላይ ትቀመጣለች። ቀድሞ የሚመታው ፓራውልቷ ነው፤ እሱስ ይጠገናል። የሚያስፈራው የሞተር ዘይት የሚይዘው ክፍል መሰንጠቁ ነው። ዘይቱ ሲንጠባጠብ ሹፌሩ ልብ ካላለ ሞተሩ ይነክሳል፤ ያን ጊዜ ወጪው ከመኪናዋ ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል። በዚያ ላይ የኋላ እግሯ ቀላል ስለሆነ ጭቃ ላይ ትሽከረከራለች፣ ጭራዋም ያመልጣል።

እዚህ ላይ ቮልስን ማንሳት ግድ ነው። እሷም ሁለት በር ናት፣ የምትገፋውም በኋላ እግሯ ነው። ነገር ግን ሞተሯ ራሱ የሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለተጫነ ጭቃውን ትቆነጥጠዋለች፤ ሆዷ ልሙጥ ነው፤ በአየር ስለምትቀዘቅዝ የሚፈነዳ ራዲያተር የላትም። ምርቷ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢቆምም አዲስ አበባ ላይ ዛሬም የሚሳሳላት አለ። ሁለት በር መሆን ብቻውን መኪናን አያስወቅስም ለማለት ነው።

ወደ ጉልበቱ እንመለስ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁን በደንብ የሚያቃጥል ኦክስጅን ያንሰዋል። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ደግሞ 2,000ን ታልፋለች። ስለዚህ በወረቀት 200 የተባለው የፈረስ ጉልበት እኛ ዘንድ ሲደርስ 160 አካባቢ ይሆናል። ያም ቢሆን ይበዛል። ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት በሚጋፉበት የከተማ መንገድ ላይ የት ሊውል? ጉልበቱ በእውነት የሚፈለገው የዓባይን በረሃ ከወንዙ እስከ ደጀን ሲወጡ ነው፤ አቀበቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እዚያም ቢሆን ከፊት አንድ ተሳቢ ካለ ኩፔዋም እንደ ሌላው ተሰልፋ ነው የምትወጣው። የሞተሯ እመቃ ከፍተኛ ስለሆነ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ትሻለች፤ እኛ ማደያ ላይ የምናገኘው ምርጫ ግን ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው።

የግብሩን ነገር ደላላ አይነግርዎትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 እስከ 1,300 ሲሲ ባላት አዲስ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነች ላይ 100 በመቶ ጣለ፤ ላረጀችና ሞተሯ ትልቅ ለሆነች እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ ሌላ አገር በርካሽነቷ የምትመሰገን ኩፔ እዚህ ርካሽ መሆኗ ያከትማል። የቀረው ቀድሞ የገባችውን ከባለቤቷ መግዛት ነው።

ለቀድሞ የገባችዋም መለዋወጫ ማግኘት ያስቸግራል። የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስም አይጠፋም። የኩፔ ስስ ጎማ፣ ለምሳሌ 215/45 ባለ 17 ኢንች ቸርኬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከተሰነጠቀ የፍኖተ ሰላም ጎሚስታ በቀላሉ የሚተካው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የታዘዘ ዕቃ ምን ያህል እንደሚዘገይ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ስትሸጥም ያው ናት፤ ቪትዝ ገዢ አታጣም፣ ኩፔ ግን ወዳጇን እስክታገኝ ትቆማለች።

የኋላ ወንበሯ ለስሙ ነው። ጋቢ የለበሱ አባት የፊቱ ወንበር ታጥፎላቸው ጎንበስ ብለው ሲገቡ ማየት ያሳፍራል።

ይህን ሁሉ ሰምቶም ልቡ ያልተመለሰ ሰው ቢያንስ እንዲህ ያድርግ። ሻጩ አስፋልት ላይ ብቻ እንዲያስነዳው አይፍቀድ፤ ወደ ቤተሰቡ የሚወስደውን ኮረኮንች አራት ሰው ጭኖ ይንዳባት፤ ሲጫኑባት ምን ያህል እንደምትወርድ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ጋራዥ ጉድጓድ ላይ አቁሞ ሆዷን ይይ፤ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ዘይት ያዘለ ቦታ ካለ ታሪኳን ይናገራል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር ያመሳክር።

አዲስ ነገር ለሚሻ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ሞተሯ አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቷን አይነካውም፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም መካከል 30 ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ ማታ ቤት ቻርጅ አድርጎ መመላለስ ይቻላል። አዲስ አበባ ግን ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የዓባይ አቀበትም ባትሪ ይበላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር አልመክራትም።

ፍርዴ ይኸው ነው፦ አስፋልት ዳር ለሚኖር፣ ለገጠር ጉዞ ሌላ መኪና ላለውና ለመለዋወጫ ወጪ ለማይሳሳ ሰው ኩፔ የሚያስደስት መጫወቻ ናት። አንድ መኪና ብቻ የሚገዛ ግን ባለ 1 ሺህ ሲሲ ማንዋል ቪትዝ ይፈልግ።