ነፃ የማኅበረሰብ ኢንተርኔት በአጥቢያችን፦ በምን እንገናኝ? ወጪውንስ ማን ይሸከም?

የአብነት ተማሪ ለትምህርቱ ክፍያ አይጠየቅም። አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በዓታ የሚመጣው ደቀ መዝሙርም ሆነ በጃናሞራ አንዲት የገጠር አጥቢያ ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን ገንዘብ ሳይከፍል ይማራል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። መምህሩን የሚያኖረው፣ ተማሪውንም የሚመግበው ምእመኑ ነው። ስለ ነፃ የማኅበረሰብ ኢንተርኔት ስንነጋገርም አስቀድመን ልናስታውሰው የሚገባን ይህንኑ ነው። ነፃ የሚባለው ተጠቃሚው በር ላይ ስለማይከፍል ነው እንጂ ወጪውስ አለ፤ የሚሸከመውም አስቀድሞ የተስማማ ማኅበረሰብ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በበየዳ ወይም በጠለምት የሚኖር ወጣት የዩኒቨርሲቲ ምደባውን ለማየት፣ የአጥቢያው ጸሐፊ ለሀገረ ስብከቱ ሪፖርት ለመላክ፣ በስደት ያለ ልጇን ፊት ለማየት የምትናፍቅ እናትም ለመነጋገር ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ከተማ ያለው ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ገጽ ለመላክ የሥራ ቀንና የመጓጓዣ ገንዘብ ይባክናል።

የመገናኛ መንገዶቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ምርጫውም እንደ አጥቢያው አቀማመጥ ይለያያል።

የመጀመሪያው መደበኛ መስመር ነው። በጎንደር ከተማና መስመር በተዘረጋባቸው የወረዳ ከተሞች ሰበካ ጉባኤው በስሙ የፋይበር ወይም የስልክ መስመር ኢንተርኔት አስገብቶ በራውተር አማካይነት በዋይ ፋይ ማካፈል ይችላል። ክፍያው በወር የታወቀ ስለሆነ ለበጀት ይመቻል። ሆኖም የመስመሩን አቅም ማወቅ ያስፈልጋል። በ10 ሜጋ ቢት መስመር አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 2 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ ቢከፍቱ መስመሩ ይሞላል፤ መልእክትና ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ግን ያው መስመር ለብዙዎች ይበቃል። ስለዚህ በቀን ሰዓት ቪዲዮን መገደብ ክልከላ ሳይሆን ለሁሉም ማዳረስ ነው።

ሁለተኛው የሞባይል ኔትወርክ ነው። መደበኛ መስመር በሌለበት ደጋ፣ ሲም ካርድ የሚቀበል ራውተር ገዝቶ ከማማው የሚመጣውን ኔትወርክ ለዋይ ፋይ ማከፋፈል ይቻላል። ራውተሩ ከመገዛቱ በፊት ግን በተራ ስልክ መሞከር ይገባል። የኢትዮ ቴሌኮምንና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ አገልግሎት የጀመረውን የሳፋሪኮምን ሲም ይዞ በቅጥሩ ዙሪያ እየተዘዋወሩ፣ በጠዋትም በማታም፣ የትኛው የት ላይ እንደሚሻል በወረቀት መመዝገብ ነው። ጥቂት እርምጃ ወደ ገደሉ አፋፍ መጠጋት ብቻ ልዩነት የሚያመጣበት ቦታ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው በአንቴና ማሻገር ነው። ተራ ዋይ ፋይ ከጥቂት አሥር ሜትሮች አያልፍም፤ ነገር ግን አቅጣጫ ያላቸው ሁለት አንቴናዎች ፊት ለፊት ከተያዩ ኢንተርኔቱን ብዙ ኪሎ ሜትር ያሻግሩታል። በኔፓል ተራሮች መምህር ማሃቢር ፑን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የናንጊን መንደር ከከተማ ያገናኙት በዚህ መንገድ ነበር። በተራራ ላይ መቀባበያ እየተከሉ ሌሎች መንደሮችንም አዳርሰዋል፤ ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የማግሳይሳይ ሽልማት ተቀብለዋል። እኛም አገር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኛውን ጊዜ በኮረብታ አናት ስለሚታነጹ አንዱ ደብር ከሌላው ይታያል። የሚያስቸግረው ቅጥሩን የከበበው ጽድና ወይራ ነው፤ ቅጠል ሞገዱን ይይዘዋል። መፍትሔው ግን ዛፉን መቁረጥ አይደለም፤ ከቅጥሩ ውጭ ገላጣ ቦታ ላይ ምሰሶ መትከል ነው። ጉልላቱ ከፍ ያለ ነው ተብሎም አንቴና በቤተ መቅደሱ ላይ ሊሰቀል አይገባም።

በደጋው የመብራት ጉዳይ ከኔትወርኩ እኩል ይታሰብበት። 10 ዋት የሚወስድ ዕቃ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 100 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 50 ዋት የሆነ ሶላር አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ሲያገኝ በስሌት 250 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ትርፍ ቢመስልም በክረምት ጉሙ በሰሜን ተራሮች ላይ ሲተኛ ከግማሽ በታች ሊወርድ ስለሚችል ያስፈልጋል። ባትሪውንም በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ እያስቀመጡ መተካት እንዳለ ከወዲሁ ይታቀድ።

ኢንተርኔት የሌለበት ቀንም ይታሰብ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት እንዳልተመለሰ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ አስፈላጊ የሆነውን ሁሉ በአጥቢያው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛውን ውክፔዲያ ጨምሮ ብዙ መጻሕፍትን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ ትንሽ ኮምፒውተርም ይህንኑ በዋይ ፋይ ለንባብ ክፍሉ ተማሪዎች ማካፈል ይችላል። ለቴሌብር በ*127#፣ ለግብርና ምክር ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው ነፃ መስመር 8028 በተራ ስልክ መጠቀም እንደሚቻልም ለምእመናን መንገር ይጠቅማል፤ ለሁሉም ነገር ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ሥራው ሲጀመር ጥቂት ሥርዓቶች ይጠበቁ። ራውተሩ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ወይም በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይቀመጥ፤ በቅዳሴና በጸሎት ሰዓት ይጥፋ። የሒሳብ ሹሙ ኮምፒውተር የሚገናኝበት መስመር ከእንግዶች መስመር ይለይ፤ ለሁለቱም የተለያየ የይለፍ ቃል ይሰጥ፤ የእንግዶቹም በየወሩ ይለወጥ። ተጠቃሚዎች የባንክና የቴሌብር ምስጢር ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይሰጡ፣ በሌላ ሰው ስልክም እንዳያስገቡ በግልጽ ይነገራቸው። ሕፃናት በአዋቂ ፊት ይጠቀሙ።

ሕጉንም መዘንጋት አይገባም። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት ለሕዝብ ለመስጠት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። አጥቢያው ከተጠቃሚ ገንዘብ ለመሰብሰብ ወይም በአንቴና ወደ ሌላ ቀበሌ ለማሻገር ካሰበ፣ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ባለሥልጣኑንና መስመሩን የሚሰጠውን ድርጅት በጽሑፍ ይጠይቅ።

እንግዲህ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ሦስት ጥያቄዎች ቀርበው መልሳቸው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፦ ከሦስቱ መንገዶች ለአጥቢያችን የሚስማማው የትኛው ነው? የወሩን ክፍያና የባትሪውን መተኪያ ከየትኛው ገቢ እናወጣለን? ቁልፉንና የይለፍ ቃሉን የሚይዘው፣ ሲበላሽም የሚያስጠግነው ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ኃላፊ ያልተሰየመለት ዕቃ አቧራ ጠጥቶ ይቀራል። አባቶቻችን ጉባኤ ቤቱን ለዘመናት ያቆዩት መምህሩንም ተማሪውንም ማን እንደሚረዳ አስቀድመው በመወሰን ነው። ይህም አገልግሎት ለልጆቻችን የሚቆየው እንዲሁ ሲወሰን ነው።