የአያቴ ወረንጦ

አያቴ ወረንጦዋን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስር ነበር። በልጅነቴ ምሥራቅ ጎጃም፣ ይጁቤ አካባቢ እንደሷ ያሉ ብዙ እናቶች አውቃለሁ። ማለዳ ፀሐይ ላይ ትቀመጥና «ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን ንቀልልኝ» ትለኛለች። ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይኗን ፀጉር እነቅልላታለሁ፤ ትመርቀኛለች። ብዙም ሳይቆይ ግን አጭርና ሻካራ ሆኖ ይበቅልና የባሰ ይወጋታል።

የምድጃ ጭስ ያመጣው ይመስለን ነበር። ትራኮማ ነው። ባክቴሪያው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል። ልጅን ደጋግሞ ሲይዘው የዓይን ቆቡ ውስጡ ጠባሳ ይይዛል፤ ከዓመታት በኋላ ቆቡ ይታጠፍና ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። ከልጆች ጋር የሚውሉት ሴቶች ናቸውና ይበልጥ የሚጎዱትም እነሱ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ ጥናት በአማራ ክልል ከ10 ሕፃናት ስድስቱ ገደማ ሕመሙ ነበረባቸው።

ሆስፒታል ይህን ብቻውን አይመልሰውም፤ ሰው እዚያ የሚደርሰው ፀጉሩ ከታጠፈ በኋላ ነውና። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው ኅዳር 2001ን እነግረዋለሁ። በምዕራብ አማራ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ የያዘው የ«ማልትራ» ዘመቻ የተጀመረው ያኔ ነው። ልጆች ምልክት በተደረገበት ዘንግ አጠገብ እየቆሙ በቁመታቸው ልክ አዚትሮማይሲን ይሰጣቸዋል፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የቴትራሳይክሊን ቅባት። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት በየጎጡ ስንት ነፍስ እንዳለ ያወቀ ሰው መኖር አለበት። ይጁቤ ያለችበት ባሶ ሊበን ከደጋው ተነስቶ እስከ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ወረዳ ነው፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ካርቶን ተሸክሞ የሚወርድ፣ ያልተገኘውን መዝግቦ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። ለእኔ ከማንም በላይ ምስጋና የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

ሌላው ሥራቸው መጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው፤ የዓይን ዝንቧ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ትራባለችና። በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ላይ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቤተሰቡ በብዛት ቆፈረ። ሴቶቹ ጉድጓዱን የወደዱት ግን ስለ ዝንቧ ብቻ አይመስለኝም። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለነበረ እስኪመሽ ሆዷን ይዛ ትውል ነበር። አያቴም እንደዚያ ነው የኖረችው።

አያቴን በመጨረሻ ያገኘቻት ቤት ለቤት የምትዞር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቆቧን ገልብጣ አየችና «እማማ፣ ይሄ በነርስ እጅ ይስተካከላል፤ አይፍሩ» አለቻት። ጤና ጣቢያ ወስደናት በዚያው ቀን ተሠርታ በፋሻ ተመለሰች። ግራ ዓይኗ ተረፈ። ቀኙ ቀድሞ ነጭ ለብሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ አይውጋት እንጂ ብርሃኑ አልተመለሰም። ወረንጦውን ግን እስክታርፍ ድረስ ከማተቧ አልፈታችውም።