የጥንት ገንዘብ አጠባበቅ

በቀይ ባሕር ወደቦች ሲነግዱ የኖሩ አባቶች ለልጆቻቸው ካወረሱት ሣጥን ውስጥ ልዩ ልዩ የብር ገንዘብ ይገኛል። 1780 የሚል ዓመት ያለበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፥ በ1887 ዓ. ም. በፓሪስ የተሠራው የዳግማዊ ምኒልክ ብር፥ ኢጣሊያም በ1891 እ. ኤ. አ. ለኤርትራ ያወጣችው የንጉሥ ኡምቤርቶ ብር ከዋናዎቹ ናቸው። ወራሾች ግን ይህን ቅርስ ከሌባ ሲጠብቁ፥ የገዛ እጃቸው እንዳያጠፋው አይጠነቀቁም።

ጠገራ ብር ከመቶው 83 እጅ ያህል ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ድኝ ሲነካው ይጠቁራል። ይህን ጥቁረት እድፍ መስሎት በአመድና በሎሚ የሚፈትግ ሰው፥ የንግሥቲቱን መልክና ጽሕፈቱን አብሮ ይፍቃል፤ የጥንት ገንዘብ ሰብሳቢዎችም የተፈተገውን ዋጋ ዝቅ አድርገው ይገምቱታል። ስለዚህ አለመወልወል ይሻላል።

የባሕር ዳር አየር ጨውና ርጥበት ስላለበት፥ ይልቁንም እንደ አክሱም ነገሥታት ያለውን የመዳብ ገንዘብ አረንጓዴ ዱቄት እያወጣ ይበላዋል። መከላከያው ደረቅ ስፍራ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሎ፥ ርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋራ በሚገባ በሚገጠም ሣጥን ማኖር ይገባል። ላስቲክ ድኝ ስላለበት፥ ፒቪሲ የተባለውም ፕላስቲክ ሲያረጅ አሲድ ስለሚያወጣ አይጠቅሙም። ሲያነሡትም ጠርዙን ብቻ መያዝ ነው።

በመጨረሻ የእያንዳንዱን ዓይነት፥ ዓመትና ክብደት መዝግቦ፥ መዝገቡን ከሣጥኑ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሣጥኑ ቢጠፋ ምስክሩ መዝገቡ ነውና።