የሕክምና መድን ውል ሲነበብ፦ ከወልድያና ከመርሳ አንፃር

በወልድያና በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ በባንክ፣ በግል ኮሌጅ ወይም መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች የሚሠሩ ወዳጆች አሉኝ። ስንገናኝ ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ። “መሥሪያ ቤቴ የሕክምና መድን ገብቶልኛል፤ ታዲያ ስታመም ለምን ከኪሴ እከፍላለሁ?” ይሉኛል። መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው በውሉ ፊት ገጽ ላይ በጉልህ ከተጻፈው የብር መጠን ሳይሆን በውስጥ ገጾቹ ካሉ ጥቂት ቃላት ነው። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

የትኛው መድን?

በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። የመጀመሪያው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ተካተው ነበር። የታሰበውም ለአርሶ አደሩና በግሉ ሠርቶ ለሚያድረው ነው። ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ለመደበኛ ሠራተኞች የተደነገገው ማኅበራዊ የጤና መድን ሲሆን፣ ትግበራው ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። ሦስተኛውና የዛሬው ጉዳያችን የመድን ኩባንያዎች የሚሸጡት የሕክምና መድን ነው።

ይህንን መድን በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው አሠሪው ነው፤ ለሠራተኞቹ በቡድን ይገባላቸዋል። ስለዚህ የውሉ ተዋዋዮች ኩባንያውና አሠሪው ናቸው። እርስዎ ተጠቃሚ ነዎት። ሥራ ሲለቁ ሽፋኑም አብሮ ያበቃል።

አረቦንና ጣሪያ

አረቦን ለሽፋኑ የሚከፈለው ዋጋ ነው። ዓመታዊ ጣሪያ ደግሞ ኩባንያው በአንድ ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቤተሰብ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን ነው። “ለሰው” እና “ለቤተሰብ” በሚሉት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ፤ ባለትዳርና የሦስት ልጆች ወላጅ ከሆኑ ያው ጣሪያ ለአምስት ይከፈላል።

ከዚህ በታች ንዑስ ጣሪያዎች አሉ። ተኝቶ መታከም፣ ተመላልሶ መታከም፣ ወሊድ፣ ጥርስና መነጽር ለየብቻቸው ወሰን ይበጅላቸዋል። አንዳንዶቹም ጨርሶ ላይኖሩ ይችላሉ።

ተቀናሽና የወጪ መጋራት

ተቀናሽ፣ የመኪና መድን ያላቸው ሰዎች “ኤክሰስ” ብለው የሚያውቁት ነው። ከወጪው ላይ የመጀመሪያውን የተወሰነ ብር እርስዎ ይችላሉ። የወጪ መጋራት ደግሞ ከቀረው ላይ በመቶኛ የሚደርስብዎት ድርሻ ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ብቻ ናቸው። ዓመታዊ ጣሪያው 60,000 ብር፣ የቀዶ ሕክምና ንዑስ ጣሪያ 20,000፣ ተቀናሽ 1,000፣ የእርስዎ ድርሻ 10 በመቶ ነው እንበል። የቀዶ ሕክምናው ሒሳብ 30,000 ብር መጣ። ከዚህ 1,000 ሲቀነስ 29,000፤ የኩባንያው 90 በመቶ ድርሻ 26,100 ይሆናል። ነገር ግን ንዑስ ጣሪያው 20,000 ላይ ያቆመዋል። ከኪስዎ የሚወጣው 10,000 ብር ነው። ውሉ መጀመሪያ ንዑስ ጣሪያውን አስልቶ ከዚያ ተቀናሹንና መጋራቱን የሚያወርድ ከሆነ ግን ኩባንያው የሚከፍለው 17,100 ብቻ፣ የእርስዎ ደግሞ 12,900 ይሆናል። በስሌት ቅደም ተከተል ብቻ የ2,900 ብር ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። 60,000 የሚለው ቁጥር በሁለቱም አልረዳዎትም።

ቀድሞ የነበረ ሕመምና የመጠበቂያ ጊዜ

ቀድሞ የነበረ ሕመም የሚባለው ሽፋኑ ከመጀመሩ በፊት የነበረ፣ ለምሳሌ ስኳር ወይም ደም ግፊት ነው። አንዳንድ ውሎች ጨርሶ አይሸፍኑትም፤ አንዳንዶቹ የመጠበቂያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይቀበሉታል። ወሊድም ብዙ ጊዜ የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ቅጽ ሲሞሉ ሕመምን መደበቅ አይጠቅምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 668 ሆን ተብሎ የተሰጠ የሐሰት ቃል ወይም የተደበቀ እውነት ውሉን ዋጋ ሊያሳጣ እንደሚችል ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድን ክፍሉ አልተተካም።

የማይሸፈኑ ጉዳዮች

ይህ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ጦርነትና የእርስ በርስ ግጭት ከተለመዱት መካከል ናቸው። ለሰሜን ወሎ ሰው ይህ ተራ ሐረግ አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አካባቢው በጦርነት ውስጥ ሲያልፍ የወልድያ ሆስፒታል ራሱ ተዘርፎ እንደነበር ይታወሳል። በመሆኑም በግጭት የደረሰ ጉዳት ብቻ ነው የማይሸፈነው ወይስ በግጭት ወቅት የሚመጣ ማንኛውም ሕመም? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ውል ያላቸው የሕክምና ተቋማት

ለእኛ አካባቢ ሰው ዋናው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። ኩባንያው ውል ከገባላቸው ሆስፒታሎች ዘንድ መታወቂያ አሳይቶ ገንዘብ ሳይከፍሉ መታከም ይቻላል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ብቻ ከሆኑ ግን ወልድያ ላለ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀዋል። ደሴ እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደዚያ ሪፈር የተባለ ሰው የሚያወጣው የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈንም።

በአቅራቢያ ውል ያለው ተቋም ከሌለ የሚቀረው አማራጭ ከፍሎ ማስመለስ ነው። እዚህ ላይ ወረቀት ይወስናል። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የምርመራ ውጤትና የሕመሙ ስም የተጻፈበት ማስረጃ ያስፈልጋሉ። ሆስፒታሉ መድኃኒቱ የለኝም ብሎ ከግል መድኃኒት ቤት ሲገዙ የማዘዣውን ቅጂ ሳያስቀሩ አይስጡ። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ውሉ ለማሳወቂያ የሚሰጠው ቀን ግን ከዚህ እጅግ ሊያጥር ይችላል።

የሰው ኃይል ክፍልዎን የውሉን ሙሉ ቅጂ ይጠይቁ፤ የአባልነት ካርዱ ብቻ በቂ አይደለም። ውሉ በየዓመቱ ስለሚታደስ ከእድሳቱ በፊት ሠራተኛው ተሰብስቦ “በወልድያና በደሴ ውል የተገባለት ተቋም ይጨመርልን” ቢል አሠሪው ለመደራደር አቅም ይኖረዋል። ከታመሙ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ግን የተፈረመውን ውል አይለውጥም።