ስትሪመር ሲመረጥ ከዕቃው በስተኋላ ያለውን መመርመር

ሙዚቃን በቤት ውስጥ ማዳመጥ በአገራችን ከግራማፎንና ከሸክላ ዘመን ጀምሮ የቈየ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸክላው ለካሴት፣ ካሴቱ ለሲዲ፣ ሲዲውም በኢንተርኔት ለሚመጣው ሙዚቃ ቦታውን እየለቀቀ ሄዷል። ይሁን እንጂ በቀድሞዎቹ መሣሪያዎችና በዛሬው መካከል ነጋዴ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ግራማፎኑም ሆነ ካሴት ማጫወቻው አንድ ጊዜ ከመደብር ከወጣ በኋላ፣ የሠራው ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ መጫወቱን አያቆምም ነበር። የሙዚቃ ስትሪመር የተባለው የዛሬ ዕቃ ግን በገዢው ቤት ተቀምጦ ሳለ ከሕይወቱ ከፊሉ በሩቅ አገር ባለ ኩባንያ እጅ ይገኛል። ስለዚህ ስትሪመር የሚገዛም ሆነ የሚሸጥ ሰው ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን ከሣጥኑ በስተኋላ ያለውን አገልግሎት መመርመር አለበት።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ጸሐፊ ስለሆንሁ፣ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመደብራችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ደንበኛችን ለነባር አምፕሊፋየራቸው የሚሆን ስትሪመር ከእኛ ገዙ። የዋስትናውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ብዙም ሳይቈይ ሣጥኑን በፌስታል ይዘው ተመለሱ። መብራቱ ይበራል፤ ድምፅ ግን የለም። ባለሙያ ጠርተን ስናስመረምረው ከዕቃው ክፍል አንዱም አልተበላሸም፤ የተዘጋው ሣጥኑ ሥራ በጀመረ ቍጥር የሚጠይቀው የሠሪው ኩባንያ ሰርቨር ኖሯል። ደብዳቤዬ ዋስትና የሰጠው ለሽቦውና ለሶኬቱ እንጂ ለዚያ ሰርቨር አልነበረም። አዛውንቱም አልተቈጡም። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለበት ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እኛም ራሳችን አናውቅም ነበርና የምመልሰው አጣሁ። አሠሪዬ ሌላ ስትሪመር ያለ ክፍያ ሰጧቸው፤ ኪሳራውንም በመዝገብ ያሰፈርሁት እኔው ነኝ።

ስትሪመር ማለት ሙዚቃን ከኢንተርኔት ወይም ከቤት ውስጥ ኔትወርክ ተቀብሎ ለአምፕሊፋየር የሚያቀብል መሣሪያ ነው። በገበያ ላይ የሚገኘው በሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው አምፕሊፋየርና ስፒከር ላለው ሰው የሚሆን ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ሁለተኛው ስትሪመሩንና አምፕሊፋየሩን በአንድነት የያዘ፣ ስፒከር ብቻ የሚጨመርለት ነው። ሁለተኛው ለቦታና ለገመድ ቍጠባ ይመቻል። ነገር ግን የስትሪመሩ አገልግሎት የተቋረጠ እንደ ሆነ ውዱ አምፕሊፋየርም አብሮ እንዲጐዳ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ጥሩ አምፕሊፋየር ላለው ሰው ትንሹን ሣጥን ለብቻው መግዛት ይሻላል። ሲገጠምም ገመዱ «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» ከተባለው መግቢያ ይሰካ። «ፎኖ» የተባለው መግቢያ ከሸክላ ማጫወቻ መርፌ ለሚመጣው ደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ፣ ስትሪመር ቢሰካበት ድምፁ ይበላሻል። «ዕቃው ጐድሎበታል» ተብሎ ከሚመለሰው ውስጥ ምክንያቱ ይኸው የሆነ አይጠፋም።

አገልግሎት መቋረጥ የሚባለው ነገር የእኛን ደንበኛ ብቻ ያጋጠመ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ስኩዊዝቦክስ የተባሉትን ስትሪመሮች የሠራው ስሊም ዲቫይስስ በ2006 ለሎጂቴክ ተሸጠ፤ ሎጂቴክም በ2012 ማምረቱን አቆመ። መሣሪያዎቹ ይጠቀሙበት የነበረው የኩባንያው የኢንተርኔት አገልግሎት ደግሞ በ2024 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ስኩዊዝቦክሶች እስከ ዛሬ ይጫወታሉ። ምክንያቱም በቤት ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው የሰርቨር ፕሮግራም ለማንም ክፍት ስለ ነበረ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተረክበው ሊርየን በሚል አዲስ ስም እያደሱት ይገኛሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ የጉግል ክሮምካስት ኦዲዮ ነው። ይህ ትንሽ ዕቃ በ2015 በ35 ዶላር ለገበያ ቀርቦ በ2019 መጀመሪያ ምርቱ ቆመ። በመጋቢት 2025 በውስጡ ያለ አንድ የዲጂታል ምስክር ወረቀት ጊዜው አለፈበትና በልዩ ልዩ አገር ያሉ መሣሪያዎች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። ኩባንያው በቀናት ውስጥ አስተካከለው እንጂ ለማስተካከል ባይፈቅድ ኖሮ ገዢው በራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አልነበረም። ታላላቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። ሶኖስ በግንቦት 2024 ያወጣው አዲስ የስልክ መተግበሪያ በጉድለቱ የደንበኞቹን ቅሬታ አስነሥቶ፣ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በጥር 2025 ከሥራቸው ለቀዋል።

እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች በመነሣት በመደብራችን አንድ ስትሪመር ከመታዘዙ በፊት አራት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ።

አንደኛ፤ ሣጥኑ ስንት በር አለው? በሠሪው መተግበሪያ ብቻ የሚሠራ ከሆነ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ነው። ከዚያ ሌላ ስፖቲፋይ ኮኔክት፣ ኤርፕሌይ፣ ጉግል ካስትና ብሉቱዝ የሚቀበል ከሆነ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይገባል። በበሮቹ መካከልም ልዩነት አለ። በስፖቲፋይ ኮኔክት ሣጥኑ ሙዚቃውን ራሱ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ስልኩ ትእዛዝ ሰጪ ብቻ ነው። በብሉቱዝ ግን ሙዚቃው በስልኩ በኩል ስለሚያልፍ፣ ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ይቋረጣል፤ ባለስልኩም ከቤት ሲወጣ ሙዚቃው አብሮት ይወጣል። ሆኖም የአገር ውስጥ ዘፈን በስልክ መተግበሪያ የሚያዳምጥ ደንበኛ፣ መተግበሪያው በስትሪመሩ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ብሉቱዙ የግድ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ይጫወታል? በዩኤስቢ ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ የሚያነብ፣ ወይም ዲኤልኤንኤ በተባለው ስምምነት ከቤት ኮምፒዩተር ሙዚቃ የሚቀበል ሣጥን መምረጥ ይገባል። ዲኤልኤንኤን ያቋቋመው ማኅበር በ2017 ቢፈርስም፣ ስምምነቱ በማንም ፈቃድ ላይ ያልተመሠረተ ስለሆነ ዛሬም ይሠራል። ይህ አንድ ባሕርይ ብቻ ቢኖረው ኖሮ የእኛ አዛውንት ሣጥን ባልሞተ ነበር።

ሦስተኛ፤ ሠሪው እስከ መቼ ያድሰዋል? በብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ የጸና ሕግ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኙ የቤት ዕቃዎች ሠሪዎች የደኅንነት እድሳት የሚሰጡበትን አነስተኛ ጊዜ በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በዚያ አገር ገበያ የሚሸጥ ሠሪ ይህ መግለጫ ስላለው፣ አስመጪው ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር እንዲላክለት ቢጠይቅ ነውር የለበትም። እምቢ የሚል ሻጭ ካለም መልሱ ራሱ መረጃ ነው።

አራተኛ፤ በኤሌክትሪክ በኩል ይስማማል? ብዙዎቹ ትንንሽ ስትሪመሮች እንደ ስልክ በ5 ቮልት በዩኤስቢ ገመድ ስለሚሠሩ፣ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ሊነሡ ይችላሉ። ትልልቆቹ ግን በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ስለሚሠሩ፣ ለአሜሪካ ገበያ ተብሎ ለ120 ቮልት ብቻ የተዘጋጀ ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። በጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩ ይረጋገጥ።

ስለ ድምፅ ጥራት ደንበኞች ከሁሉ አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ግን ከሚያስቡት ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ፣ በ16 ቢት ይመዘግባል። ይህም የሰው ጆሮ ሊሰማ ከሚችለው 20,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ለመያዝ የሚበቃ ነው። ስለዚህ የሲዲን ጥራት በትክክል የሚያቀብል ስትሪመር ካለ፣ ከዚያ በላይ ለሚታተሙ ትልልቅ ቍጥሮች ብዙ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም። የተረፈው ገንዘብ ለስፒከር ቢውል ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። የኢንተርኔት ወጪውንም ማስላት ይገባል፤ በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሚላክ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ሲፈጅ፣ ያልታመቀ የሲዲ ጥራት 635 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። በፍላክ አሠራር ጥራቱ ሳይጓደል ሲታመቅ ይህ ወደ ግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ደንበኛ ይህ ስሌት ከሣጥኑ ዋጋ ባላነሰ ያሳስበዋል።

ከዚያ ኪሳራ ወዲህ በመደብራችን ለእያንዳንዱ ስትሪመር ከደረሰኙ ጋር አንዲት ወረቀት ትሰጣለች። በወረቀቷ ላይ ሣጥኑ የሚቀበላቸው አገልግሎቶች፣ ያለ ኢንተርኔት የሚጫወትበት መንገድ፣ ሠሪው ያሳወቀው የእድሳት ጊዜና የኤሌክትሪክ መጠኑ ይጻፋል። ከታችም «የመደብሩ ዋስትና ለዕቃው እንጂ ለሠሪው የኢንተርኔት አገልግሎት አይደለም» የሚል ቃል ተጨምሯል። መጀመሪያ ላይ ይህች ዐረፍተ ነገር ገዢ ታሸሽብናለች ብለን ፈርተን ነበር። እርግጥ አንዳንዱ አንብቦ ሳይገዛ ሄዷል፤ የሚገዛው ግን የሚገዛውን ዐውቆ ስለሚገዛ፣ ቅር ብሎት የተመለሰ ደንበኛ እስካሁን አላስተናገድሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳንጠይቅ አዝዘን የለቀምነው ይበቃናል።

እኒያ አዛውንትም ደንበኝነታቸውን አልተዉም። አምፕሊፋየራቸውና ስፒከራቸው ከተገዙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም እስከ ዛሬ ይሠራሉ፤ በመካከሉ የሞተው ያ ትንሽ ሣጥን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሣጥን ከካሴት ያስገለበጡትን የድሮ ዘፈናቸውን ከፍላሽ ያዳምጣሉ። ባለፈው ወደ መደብሩ ብቅ ብለው ወረቀቷን በመነጽራቸው ካነበቡ በኋላ፣ «ይህችን ነበር ያኔ የጠየቅሁሽ» አሉኝ።