ኮርኒስ ውስጥ የሰፈረው ንብ

ንብ ለቤት የምትፈልገው ደረቅና ጨለማ የሆነ፣ በሩ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ስፍራ ነው። አሜሪካዊው የንብ ተመራማሪ ቶማስ ሲሊ በሙከራ እንዳሳየው የአውሮፓ ዝርያ ንቦች የሚመርጡት 40 ሊትር ያህል የሚይዝ ክፍተት ነው፤ የአፍሪካ ንብ ከዚያ ባነሰም ትረካለች። በባሌው የሐረና ጫካ ይህን የሚሰጣት የአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ነው። የባሌ ከተሞች ወደሆኑት ሮቤና ጎባ ስትገባ ደግሞ በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ፣ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳን፣ ሳይደፈን የቀረ ብሎኬትን፣ በወፍጮ ቤት ጓሮ የተረሳ በርሜልን ታገኛለች።

ከእናት ቀፎው ተከፍሎ የወጣ መንጋ መጀመሪያ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በመብራት ምሰሶ ወይም በሱቅ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው የሚደነግጠውም ይህን ሲያይ ነው፤ አደጋው የሚያንሰው ግን በዚያን ሰዓት ነው። ንቦቹ ከመውጣታቸው በፊት ማር ጠጥተው ጠግበዋል፤ የሚከላከሉት እጭም የላቸውም። አሳሾቻቸው ቤት እስኪያገኙ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያሉ፣ ካልተነኩም በራሳቸው ይሄዳሉ። ነገሩ የሚከብደው ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው ሰፈፍ ከሠሩና አውራዋ እንቁላል ከጣለች በኋላ ነው።

በብዙ የአገራችን ከተሞች ያን ጊዜ የሚቀድመው ፍሊት ወይም እሳት ነው። እሳቱ ቤቱን ጭምር ሊበላ ይችላል። ፍሊቱ ደግሞ ንቦቹን ቢፈጅም ሰፈፉን እዚያው ይተወዋል። የሚያራግበውና የሚጠብቀው ያጣ ማር በኮርኒሱ ይንጠባጠባል፣ እጩ ይበሰብሳል፣ ጉንዳንና ብል ይገባል። የጎረቤት ቀፎ ንቦችም የተመረዘውን ማር ዘርፈው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። የሰሙ ሽታ ስለሚቀር በሚቀጥለው የአበባ ወቅት ሌላ መንጋ ወደዚያው ቀዳዳ ሊመጣ ይችላል።

የሚያሳዝነው፣ ንብን ሳይገድሉ የማንሳት ጥበብ ከሮቤና ከጎባ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ከጎባ ተነስቶ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሪራን መንደር ይዞ ሐረና ይገባል። ጫካው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በከፊል ይገኛል። በዚያ ጋጉራ የሚባለው ረጅም ባህላዊ ቀፎ በመልካም መዓዛ ታጥኖ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ መንጋውም ራሱ መጥቶ ይገባበታል። ማር ቆራጩ ንቦቹ በማይበሩበት ሌሊት፣ ጭስ ይዞ ይወጣል።

ኮርኒስ ውስጥ የሰፈረውን ለማንሳትም የሚያስፈልገው እውቀት ይኸው ነው። አመሻሽ ላይ በጭስ ማረጋጋት፣ ሰፈፉን አንድ በአንድ መቁረጥ፣ እጭ የያዘውን በዘመናዊ ቀፎ ፍሬም ላይ በክር ማሰር፣ አውራዋን ሳይጎዱ ማስገባት። አውራዋ ከገባች ሌሎቹ ይከተሏታል።

በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ቤቱ የገባ ንብን እንደ በረከት ያያል። በላስታ ቢልባላ ጊዮርጊስ ንቦች ከጥንት ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አብረው ኖረዋል፤ ምእመናን ማራቸውን ለፈውስ ይወስዱታል። ሕጉም ቢሆን ንብን እንደ ሀብት ነው የሚቆጥረው፤ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የወጣው ለዚህ ነው። በባሌ በሲናናና በአጋርፋ የስንዴ ማሳዎች የሚረጨው የአረም መድኃኒት መጭንና ሌሎች አበቦችን በሚያጠፋበት አካባቢ አንድን መንጋ ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ማለት ግን የቤቱ ባለቤት ንብ ከራሱ በላይ እየኖረ ዝም ይበል ማለት አይደለም። የወፍጮ ንዝረት፣ የመኪና ጡሩምባ፣ በአቅራቢያው የታሰረ በቅሎ ላብ ሊያስቆጣቸው ይችላል። አንዲት ንብ ስትነድፍ ሙዝ ሙዝ የሚሸት ነገር ትለቃለች፤ ሌሎቹን የሚጠራው እሱ ነው። የተነደፈ ሰው ቆሞ ከመታገል ይልቅ ሮጦ ቤት ገብቶ በር መዝጋት፣ እሾሁንም በምንም መንገድ ቢሆን ፈጥኖ ማውጣት አለበት፤ እሾሁ ቆዳ ውስጥ ከቀረ ለጥቂት ጊዜ መርዙን መርጨቱን ይቀጥላል። ትንፋሽ ያጠረው፣ ፊቱ ያበጠ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ጎባ ሪፈራል ወይም ወደ ቅርቡ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል። የታሰረ ከብትንና ሕፃናትን አስቀድሞ ማራቅ ደግሞ ቀፎው ከመነካቱ በፊት የሚደረግ ሥራ ነው።

በ1957 እ.ኤ.አ. ከብራዚል የምርምር ጣቢያ ያመለጡት የአፍሪካ ንቦች ዝርያ በ1990 ቴክሳስ ሲደርስ፣ የአሜሪካ ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞቻቸውን በሳሙና አረፋ ንብ መግደል አሠለጠኑ። ሮቤና ጎባ ከዚያ የተሻለ ማድረግ ይችላሉ። በትግራይ አጽቢ ወንበርታ የንብ መንጋ በገበያ ዋጋ አለው፤ ከኮርኒስ የወጣውም እንዲሁ ለአናቢ ሊሸጥ ይችላል። ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች ለጥቂት ወጣቶች የመከላከያ ልብስና ማጨሻ ቢሰጡ፣ ልምድ ያላቸው የሐረና አናቢዎች እንዲያስተምሯቸው ቢያደርጉ፣ ስልካቸውን በየቀበሌው ቢለጥፉ፣ ቤቱም ቀፎውም ይተርፋል። ለባለቤቱ የሚቀረው ሥራ ንቦቹ በወጡበት ዕለት የሰሙን ርዝራዥ ፍቆ፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ወይም በጭቃ መድፈን ነው።