ለነፍሰ ጡር ሴት ምግቧ በየልኳ

በጣና ሐይቅ ዳርቻ በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ ነፍሰ ጡርን ሴት «ለሁለት ነፍስ ብዪ» ማለት የቆየ የደግነት ልማድ ነው። ልማዱ የተነሣው ከችግር ነውና የሚነቀፍ አይደለም። በደቅ ደሴትና በገጠሩ ዳርቻ ውሃ ተሸክማ፥ እንጨት ለቅማ ለምትውል ሴት ዛሬም ቢሆን የሚያሰጋት የምግብ ማነስ ነው። ዳሩ ግን በባሕር ዳር ከተማ ቀኑን በጽሕፈት ቤት ወይም በሱቅ ተቀምጣ ውላ ማታ በባጃጅ ወደ ቤቷ ለምትመለሰው ሴት ያው ምክር ሌላ ፍሬ ያፈራል።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በኢትዮጵያ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ከመቶ 3 ያህል ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ከመቶ 8 ሆነዋል፤ ይህም በከተማ ይበረታል። በዚያው ዓመት ከመቶ 22 ያህሉ ደግሞ ከልክ በታች የከሱ ነበሩ። ስለዚህ ለሁሉ አንድ ምክር የተሰጠ እንደ ሆነ ለአንዲቱ መድኃኒት፥ ለሌላይቱ ጕዳት ይሆናል።

የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በፈረንጅ አቈጣጠር በ2009 ያወጣው መመሪያ ይህን በመለኪያ ያስረዳል። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሁለት ሴቶች ቢኖሩ፥ ከመፅነሷ በፊት 55 ኪሎ የነበረችው እስክትወልድ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር መልካም ነው፤ 77 ኪሎ የነበረችው ግን ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይበቃታል። ከዚህ ያለፈ እንደ ሆነ የደም ግፊት፥ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የስኳር በሽታ፥ የሕፃኑ ከልክ በላይ መግዘፍና በቀዶ ሕክምና መውለድ ይበዛሉ። ይህ ሲባል ግን በእርግዝና ወራት ትክሳ ማለት አይደለም፤ ይህም ፅንሱን ይጐዳል።

ምግቡንም ከባዕድ አገር ማስመጣት አያሻም። እንጀራው መጠኑ ይቀነስ እንጂ አይቅር፤ ምስሩ፥ ሽሮውና ጎመኑ ይብዛ፤ የጣናው ቀረሶ በዘይት ከሚጠበስ ይልቅ ይቀቀል፤ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ይቅር። ደሟ ያነሰ፥ ስኳሯ ከፍ ያለና ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት ሴቶች ግን አንድ ማዕድ አይታዘዝላቸውም።

ከሁሉ የሚከብደው የጾም ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛና ለነፍሰ ጡር ጾምን ታቀልላለች፤ ነገር ግን ብዙ እናቶች ሕሊናቸው አልፈቅድ ብሏቸው ይጾማሉ። ክብደት የበዛባት ሴት ደግሞ ጾሙ ለነፍስም ለሥጋም ይጠቅመኛል ብላ ታስብ ይሆናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ውሎ በአንድ ጊዜ እንጀራ በዘይት፥ ዳቦ በስኳር ሻይ አብዝቶ መብላት ግን ክብደትን አይቀንስም፤ ስኳር ያለባትንም ይጐዳል፤ ኢንሱሊን ለምትወስድማ ለሕይወቷ ያሰጋል። (ዓሣ በጾም ይበላል፥ አይበላም የሚለውን ክርክር ሊቃውንቱ ይጨርሱት።)

በዚህ ስፍራ የንስሐ አባት ቃል ከሐኪም ትእዛዝ ይልቅ ይሰማል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምርመራ ቀን አዋላጇ ቁመቷንና ክብደቷን ለክታ በካርዱ ብትጽፍ፥ ከ24 እስከ 28 ባለው ሳምንትም የስኳር ምርመራ ቢደረግላት፥ የንስሐ አባትም የጾሙን ነገር ከመወሰናቸው በፊት ያንን ካርድ «እስቲ አሳዪኝ» ቢሏት፥ ባለሥልጣኑም ሚዛን የሌለው ጤና ጣቢያ እንዳይኖር ቢያደርግ፥ ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።